ዓምዱ ሥር፣ በ12 ሰዓት

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ግፊት አለባት። “የጴጥሮስና የጳውሎስን መቃብር ሳላይ አልሙት” ስትል ስለኖረች፣ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሜ ባለፈው መስከረም መጨረሻ ሮም ወሰድኳት። የሄድነው ለስድስት ቀን ነበር። አሥር ቀን ሆነ።

መጀመሪያ ሻንጣችን ቀረ። መድኃኒቷ በሙሉ ሻንጣው ውስጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግፊቷ ወጣና ሆቴሉ የጠቆመን የግል ክሊኒክ ወስጄ ከኪሴ ከፈልኩ። ሻንጣው በሦስተኛው ቀን መጣ። የዚያኑ ዕለት አውቶቡስ ላይ ትኬት በእጃችን ይዘን “አላስመታችሁትም” ተባልንና ሁለታችንም ተቀጣን።

በአራተኛው ቀን ቅዱስ ጴጥሮስ ሄድን። እሷን ጉልበቷን ስለሚያማት ጉልላቱ ላይ ብቻዬን ልወጣ ብዬ፣ “እዚህ ዓምዱ ሥር በ12 ሰዓት እንገናኝ” አልኳት። በቀጠሮዬ ስመለስ የለችም። አምስት ሰዓት ሙሉ ፈለግኳት። ለፖሊስ አመለከትኩ። ሆቴል ድረስ ሄጄ አየሁ። አመሻሹ ላይ ስመለስ ዓምድ ሥር ቆማ አገኘኋት። ሕዝብ መሃል ጮህኩባት። “ድሮም አንቺ እንዲህ ነሽ” አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። የእጅ ሰዓቷን እንድትቀይር እኮ ከመጀመሪያው ቀን ነግሬያት ነበር። “መድኃኒቴን የምውጠው በዚህ ነው” ብላ እምቢ አለች።

በአምስተኛው ቀን ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቦርሳዬ ተሰረቀ። የሁለታችን ፓስፖርት፣ ስልኬ፣ ገንዘባችን እዚያ ውስጥ ነበር። እናቴ ስልክ አልያዘችም። በረራው አመለጠን፤ አዲስ ትኬት ቆረጥን። አገር ለመመለሻ ለተሰጠን ሰነድ፣ ለሊሴ ፓሴውና ለምግባችን የከፈልነው እናቴ መቀነቷ ላይ ቋጥራ በያዘችው 300 ዩሮ ነው። የቀረውን ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ ላከልን።

አሁን ወንድሞቼ “ድሮስ ማን ውሰጃት አለሽ” ይሉኛል። እናቴ ስለ ሮም አንስታ አታወራም። ለሚመጣው ፋሲካ ኢየሩሳሌም መሄድ ትፈልጋለች። “ከማኅበሬ ጋር እንጂ ከአንቺ ጋር አልሄድም” አለችኝ። በዚህ ዕድሜዋ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ያለ እኔ ልልቀቃት? ምን ባደርግ ነበር ይህ ሁሉ የማይደርስብን?

ልጅቷ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። እናትሽ ደህና ሆነው አገራቸው ገብተዋልና እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሻንጣው አሳዘነኝ። ቀጥሎ ቦርሳው። በሦስተኛው ግን ዓምዱ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

እናትሽ አልዘገዩም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሮም ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አንቺ “በ12 ሰዓት” ስትያቸው ስልክሽ ላይ የምታዪውን እኩለ ቀን ማለትሽ ነበር። እሳቸው የሰሙት ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን 12 ሰዓት ነው፤ ጀምበር የምታዘቀዝቅበትን። እጃቸው ላይ ያለው ሰዓት 12 የሚለው ደግሞ በሮም 17:00 ሲሆን ነው። አንቺ ራስሽ “አምስት ሰዓት ሙሉ ፈለግኳት” ብለሻል። ከእኩለ ቀን ጀምረሽ አምስት ሰዓት ቁጠሪ። እናትሽ በተባሉበት ሰዓት መጥተው ቆመው ነበር።

እስቲ ያን ቀን በእሳቸው በኩል እንየው። አገሩን አያውቁትም። ቋንቋውን አይችሉም። ስልክ የላቸውም። ልጃቸው “በ12 ሰዓት” ብላቸው ሄደች። የገባቸው እስከ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥለሻቸው ልትውዪ እንደሆነ አስበው ይሆናል። “ምነው ልጄ፣ እስከ ማታ?” ግን አላሉሽም። አንቺ ነሻ ከፍለሽ ያመጣሻቸው! ብዙዎቹ እናቶቻችን ሲጋበዙ እንዲህ ናቸው። ላለማስቸገር ሲሉ ስንቱን ይውጡታል። ከዚያ ያን ሁሉ ሰዓት ብቻቸውን አሳልፈው፣ የሚያዩትን አይተው፣ የሚጸልዩትን ጸልየው፣ በቀጠሯቸው ሲመጡ ሕዝብ መሃል ተጮኸባቸው። ዝም ማለታቸው አልገረመኝም። ምን ብለው ይመልሱ?

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ያን ቀን ምሳ በልተው ነበር? ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ውጦ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ መውረዱ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥል የሚችል ነገር ነው። ምን እንደበሉ፣ የት እንደተቀመጡ፣ ማን እንዳናገራቸው ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ካልጠየቅሽ ዛሬም አልረፈደም።

ቦታውም ቢሆን አስቸጋሪ ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዙሪያውን በ284 ዓምዶች የታጠረ ነው። በግራም በቀኝም አራት አራት ረድፍ ሆነው የቆሙ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዓምዶች። እዚያ ቦታ ላይ “ዓምዱ ሥር” ብሎ ቀጠሮ የሚያጠፋፋ ነው። አደባባዩ መሃል ላይ ከግብፅ የመጣ አንድ ረጅም ሐውልት አለ። ከሩቅ ይታያል፣ ሌላ የሚመስለው የለም። ሰው የሚቀጣጠረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ጉልላቱ ደግሞ 551 ደረጃ አለው። ሊፍት ቢያዝም ከ300 በላይ ደረጃ በእግር ይቀራል። ከእነወረፋው “መቼ እንደምወርድ አላውቅም” ማለት ይሻል ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ ልፈርድብሽ ብዬ አይደለም። እኔም በዚሁ በሰዓት ጉዳይ ዋጋ ከፍያለሁ። ከዓመታት በፊት ከኢስታንቡል ስመለስ ትኬቴ “ማክሰኞ 00:40” ይላል። ማክሰኞ ማታ ሻንጣዬን ገፍቼ፣ የሦስት ዓመት ልጄን አዝዬ ኤርፖርት ደረስኩ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ለእኛ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው፤ ሌሊቱ ገና የሰኞ ነው። ለእነሱ እኩለ ሌሊት ካለፈ ማክሰኞ ሆኗል። ያን ሌሊት ልጄን አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝቼ ራሴን ስረግም አደርኩ። ከዚያ ወዲህ የበረራ ሰዓት በቁጥር ብቻ አልተውም። “ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት፣ በእኛ 6:40” ብዬ በቃላት እጽፈዋለሁ። ለቤተሰብም የምልከው እንዲህ አድርጌ ነው።

አንቺም ለእናትሽ “ሰዓትሽ ላይ 7 ሲል” ብትያቸው ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። የሮም እኩለ ቀን በእሳቸው ሰዓት 7 ነው። ሰዓቱን አልቀይርም ማለታቸው ግትርነት አይደለም። ምክንያታቸውን ነግረውሻል፤ መድኃኒታቸውን የሚውጡት በዚያ ነው። ለአንድ ሰዓት ልዩነት የመድኃኒት ሰዓት ማዘበራረቅ አያስፈልግም፤ በለመዱት መቀጠላቸው ትክክል ነው። ለስድስት ቀን ጉዞ መቀየር የነበረበት የአንቺ አነጋገር ነው።

አሁን ወደ ቦርሳው ልምጣ። ቦርሳ ይሰረቃል። ቴርሚኒ አካባቢ፣ ምድር ባቡሩ ላይ፣ ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚወስደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ መኖሩን የሮም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ልብስሽ ላይ የሆነ ነገር ፈሰሰ ብሎ ያሳይሻል፣ ሌላው ቦርሳሽን ይከፍታል። ወይም የባቡሩ በር ሊዘጋ ሲል ነጥቆ ይወርዳል። አንቺን ብቻ የመረጠ ዕድል አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ሁሉም ነገር አንቺ ጋ ነበር። ሁለቱም ፓስፖርት በአንድ ቦርሳ። ገንዘቡ በዚያው ቦርሳ። ስልኩ በዚያው ቦርሳ። የሆቴሉን ስምና አድራሻ የምታውቂው አንቺ። የበረራውን ቀን የምታውቂው አንቺ። ያን ቦርሳ የወሰደው ሰው አንድ ቦርሳ ነው የወሰደው፤ እናንተ ግን ሁለት ሰዎች ሆናችሁ ባዶ እጃችሁን ቀራችሁ። ሻንጣውም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ሁሉ አንድ ቦታ። ጉዞሽ ላይ የደረሰውን ሁሉ ደርድሬ ሳየው ሥሩ አንድ ይመስለኛል። ለሁለት መከፈል የነበረበት ነገር አንድ ቦታ ተጠቅልሎ ነበር።

ለምን እንዲያ እንዳደረግሽ ይገባኛል። እንዳይጥሉት ነው። እንዳይጨነቁ ነው። እኔም እናቴን ሐኪም ቤት ስወስድ ካርዷን ከእጇ እቀበል ነበር። ግን እናትሽ 67 ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። የቤታቸውን ካርታ፣ የእናንተን የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ ከሳጥን ሥር አስቀምጠው ያቆዩ ይሆናሉ። ፓስፖርት መያዝ አያቅታቸውም። ምስክሩም እዚያው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ያልጠፋው ገንዘብ የእሳቸው መቀነት ላይ የነበረው ነው። ፈረንጆቹ ለመንገደኛ ብለው ከልብስ ሥር የሚታጠቅ የገንዘብ ቀበቶ ይሸጣሉ። የኛ እናቶች ይህን ከማንም ሳይማሩ ሲያደርጉት ኖረዋል። ያ 300 ዩሮ ባይኖር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምን ትበሉ ነበር? ለመሆኑ አመስግነሻቸዋል?

ስለዚህ ለወደፊቱ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፓስፖርት ከልብሱ ሥር ይያዝ። ገንዘቡ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይከፈል። ከአገር ስንወጣ ብዙዎቻችን ጥሬ ገንዘብ ይዘን ስለምንሄድ ይህ ለእኛ የበለጠ ያስፈልገናል። ፓስፖርቱንና ቪዛውን ፎቶ አንሺና አገር ቤት ላለ አንድ ሰው በቴሌግራም ላኪ። ለራስሽ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም። ስልክሽ ሲሰረቅ ሲም ካርዱም አብሮ ይሄዳል። በሌላ ስልክ ልግባ ስትዪ የሚላከው ኮድ የሚመጣው በተሰረቀው ቁጥር ነው። የባንኩም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ የወረቀት ኮፒ፣ እንዲሁም በወረቀት ላይ የተጻፈ ሁለት ስልክ ቁጥር ይኑራችሁ። የወንድምሽን ቁጥር በቃልሽ ታውቂዋለሽ? ብዙዎቻችን አናውቅም።

በነገራችን ላይ ቦርሳሽ የተወሰደበት አደባባይ ስም ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ነው። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ለእናትሽ ንገሪያቸው። ስለዚያ ቦታ ከሌባው ሌላ የሚያስታውሱት ነገር ቢኖራቸው ደስ ይለኛል።

ፓስፖርት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚኬደው ፖሊስ ጋ ነው። ኢጣሊያኖች ዴኑንቺያ የሚሉትን የአቤቱታ ወረቀት ማኅተም አስመትቶ መቀበል ያስፈልጋል። ከዚያ ኤምባሲ። ሮም ውስጥ ኤምባሲያችን መኖሩ ዕድለኛ አድርጓችኋል። ኤምባሲ በሌለበት ከተማ ቢሆን መጀመሪያ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ትገደጂ ነበር፤ ያውም ያለ መታወቂያ። ሊሴ ፓሴ አገር ቤት ለመመለስ ብቻ የሚያገለግል ሰነድ ነው። እዚያ ላይ የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል። ኮፒ የሌለው ማንነቱን እያስረዳ ቀናት ሊያልፉበት ይችላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በረራው እንደሚያመልጥ ካወቅሽ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለአየር መንገዱ አሳውቂ። ቀድሞ አስታውቆ ቀን መቀየርና ዝም ብሎ መቅረት በዋጋ ብዙ ይለያያሉ። ዝም ብሎ የቀረ ሰው ትኬቱ በሙሉ ሊሰረዝበት ይችላል። ስልክ ባይኖርሽም ከሆቴሉ መደወል ይቻል ነበር። ቪዛውም ላይ የቆይታ ቀን ቁጥር ተጽፏል። ስድስት ቀን አሥር ሲሆን ያ ቁጥር እንዳያልፍ ማየት ያስፈልጋል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የቆየ ሰው፣ ጊዜው ሳያልፍበት ፖሊስ ጋ ማስረጃውን ይዞ ሄዶ ካመለከተ የሸንገን ቪዛ (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያለ ክፍያ የሚራዘምበት ደንብ አለ። ይህን ባለማወቅ ያለፈበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቪዛ ሲጠይቅ ይቸገራል።

ሻንጣው መቅረቱ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ሻንጣ ይዘገያል። ሻንጣውን ስታጪ ግን ከአዳራሹ ሳትወጪ እዚያው ያለው የሻንጣ ክፍል ሄደሽ ፒ አይ አር የሚባለውን ቅጽ አስሞይና ቁጥሩን ያዢ። እስኪመጣ ድረስ ለልብስም ለሳሙናም ያወጣሽበትን ደረሰኝ ሁሉ አትጣዪ። ሞንትሪያል ስምምነት በሚባለው ዓለም አቀፍ ውል መሠረት ሻንጣው ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የአንቺ ጊዜው አልፏል። ለሚቀጥለው ያዢው።

መድኃኒቱ ግን እጅ ላይ መሆን ነበረበት። የሚዋጥም ይሁን የሚወጋ፣ መድኃኒት ከእጅ ሻንጣ አይለይም። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰውማ የዕቃ ክፍሉ ብርድ ሊያበላሸው ይችላል። የእጅ ሻንጣ ላይ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር አይለፍ የሚለው ገደብም ለመድኃኒት ይላላል። ከሐኪም የተጻፈ ወረቀት አብሮ ይኑር፤ በወረቀቱም ላይ የመድኃኒቱ ንግድ ስም ብቻ ሳይሆን መሠረታዊ ስሙ ይጻፍ። የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። ይህ ወረቀት ቢኖር ኖሮ አረንጓዴ መስቀል ካለበት ፋርማሲ ገብታችሁ ቢያንስ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ትጠይቁ ነበር።

ክሊኒኩን ከኪሴ ከፈልኩ ብለሻል። እህቴ፣ ኢንሹራንስ ነበራችሁ እኮ! ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ለኤምባሲው ፋይል ብሎ ይገዛውና እዚያው ይረሳዋል። ወረቀቱ ላይ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ስልክ ቁጥር አለ። ሐኪም ጋ ከመሄድ በፊት እዚያ ይደወላል፤ የት እንደሚኬድም እነሱ ይነግራሉ። እርግጥ ነው፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም የማይሸፍኑ ብዙ ውሎች አሉ። ለእናትሽ ስትገዢ ስኳሩንና ግፊቱን ተናግረሽ፣ የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጠሽ ግዢ። ትንሽ ይወደዳል። የሌለው ሰው የሚከፍለውን አይተሽዋል። በጣም ከከፋ ደግሞ 112 መደወል ወይም ፕሮንቶ ሶኮርሶ የሚባለው የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይቻላል።

የአውቶቡሱ ነገር ቀላል ነው። ሮም ውስጥ የወረቀት ትኬት መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ስትሳፈሪ ማሽኑ ውስጥ አስገብተሽ ታስመቺዋለሽ። 100 ደቂቃው የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል። ቅጣቱ ከትኬቱ ዋጋ ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ብዙ አገር ጎብኚ ይቀጣል፤ በዚህ አትዘኚ።

ወንድሞችሽንም በተመለከተ ብዙ አልልም። ለእናታቸው ሰግተው ነው። ሁለት ዓመት አጠራቅመሽ የእናትሽን የዕድሜ ልክ ምኞት ያደረስሽ አንቺ ነሽ። ይህን ማንም አይወስድብሽም። እናትሽም አልረሱትም። ዝም ያሉት ስለ ሮም አይመስለኝም። ዝም ያሉት ስለዚያች አንዲት ቀን ነው።

እና ኢየሩሳሌምስ? መጀመሪያ “ልልቀቃት” የሚለውን ቃል ተይው። ፈቃድ አልጠየቁሽም፤ ሐሳባቸውን ነው የነገሩሽ። ደግሞም ጥሩ ሐሳብ ነው። ከማኅበራቸው ጋር የሚሄዱ ከሆነ አብረዋቸው ያሉት ቋንቋቸውን የሚናገሩ፣ ጾማቸውን የሚጾሙ፣ ጉልበታቸው እንደ እሳቸው የሚያማቸው ሰዎች ናቸው። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀመጣለች። “ሰባት ሰዓት” ሲባል ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሰማው። በዚያ ቡድን ውስጥ ከአንቺ ጋር ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ የመጥፋት ዕድላቸው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

የአንቺ ሥራ ማዘጋጀት ነው። መድኃኒቱን ለሁለት ክፈይው፤ ግማሹ በእጅ ቦርሳቸው፣ ግማሹ በሚያምኗት ጓደኛቸው ቦርሳ። አስተባባሪዎች የሁሉንም ፓስፖርት ሰብስበው የሚይዙበት ጊዜ ስላለ ኮፒው ከእሳቸው አይለይ። በአንድ ካርድ ላይ የሆቴሉን ስም፣ የአስተባባሪውን ስልክ፣ ሕመማቸውንና መድኃኒታቸውን በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ አስጽፊላቸው። ስልክ ግዢላቸው። ከመሄዳቸው በፊትም ራሳቸው እየደወሉ ይለማመዱ፤ አንቺ ከእጃቸው ተቀብለሽ አትደውዪላቸው። ቀዳም ሥዑር ላይ በጎልጎታ ያለው ሕዝብ ከባድ ነው። ከቡድኑ ቢለዩ የት እንደሚሄዱ ቀድመው ይወቁ። ዴር ሱልጣን ገዳማችን እዚያው በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። መነኮሳቱ የእኛ ናቸው። “ዴር ሱልጣን” የሚለውን ቃል ከያዙ የሚያደርሳቸው አያጡም። እናም በየቦርሳቸው ብስኩት ነገር አይጥፋ፤ ጾሙን የተመለከተውን ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ እሑድ ቡና አፍዪ። ወንድሞችሽ ባይኖሩ ይሻላል። እንዲህ በያቸው፦ “እማዬ፣ ያን ቀን በሰዓትሽ መጥተሽ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።” እዚያ ላይ አቁሚ። “ግን እኮ” የሚል አትጨምሪ። ስለ ፍርሃትሽ፣ ስለ ፖሊሱ፣ ስለ አምስቱ ሰዓት ለዛሬ አታንሺ። ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉ እሳቸው ይንገሩሽ። ምናልባት በዚያ ባሲሊካ ውስጥ አንቺ ያላየሽውን ብዙ አይተው ይሆናል። አሥር ቀን አብረሻቸው ሆነሽ ያን ቀን ብቻ አልሰማሽውም።

ከዚያ በኋላ “አብረሽኝ ትሄጃለሽ?” ካሉሽ ሂጂ። እንደ አንድ ምዕመን ሂጂ፤ አስተባባሪው ሌላ ሰው ይሁን። ካላሉሽ ኤርፖርት ሸኚያቸው፣ ሲመለሱም ተቀበያቸው።

ስለ ሰዓታቸው ደግሞ አታስቢ። በፋሲካ ሰሞን ኢየሩሳሌምና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው። እዚያ ቀትር ሲሆን በእሳቸውም ሰዓት ልክ 6 ይላል።